«በርቷል» ያላት ሰው

በአንድ ወቅት፣ ዘመኑ ሩቅ አይደለም፣ ደሴ ከተማ ውስጥ ሩቅያ ይመር የምትባል ልጅ ነበረች። እናንተ ፍርድ ትወዳላችሁና ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ። እኔ አልፈርድም።

ሩቅያ ገና በስድስት ዓመቷ ነው ኩፍኝ ዓይኗን የወሰደባት። ዓይኗ ሲሄድ ጆሮዋና ድምፅዋ ቀሩላት። ተማረች፣ ዩኒቨርሲቲ ገባች፣ ተመረቀች። የምትመኘው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ በሬዲዮ ዜና ማንበብ። «ዓይነ ስውር ዜና እንዴት ያነባል?» ለሚላት ሰው ብልሃቱ አላት። የአክስቷ ልጅ ሀዋ ጽሑፉን እያነበበች ስልኳ ላይ ትቀዳላታለች። ሩቅያ ገመድ አልባውን ኢርፎን አንድ ጆሮዋ ላይ ታደርግና የሀዋን ድምፅ እየሰማች፣ ሁለት ሦስት ቃል ወደ ኋላ እየተከተለች፣ በራሷ ድምፅ ታወጣዋለች። የሰማት ሁሉ ከወረቀት የምታነብ ነው የሚመስለው።

የከተማው አንድ ሬዲዮ ጣቢያ ዜና አንባቢ ሲፈልግ ለመጨረሻው ፈተና ሁለት ሰዎች ቀረቡ፤ ሩቅያና ጥጋቡ የሚባል ወጣት። ሩቅያ የሰባት ሰዓቱን፣ ጥጋቡ የስምንት ሰዓቱን ዜና በቀጥታ ሊያነቡ ነው። ከተማው እየሰማ ማለት ነው።

ሩቅያ ከማለዳ ጀምሮ ስትለማመድ ስለዋለች የኢርፎኑ ባትሪ ደክሟል። ሀዋ የዜናውን ጽሑፍ ከበር ላይ ተቀብላ ቀድታ ሰጠቻት፤ ጥበቃዎቹ ግን ከተፈታኝ በቀር ማንም አይገባም ብለው እሷን ውጭ አስቀሯት። ሩቅያ ተራ መጠበቂያው ክፍል ገብታ ኢርፎኑን ትንሿ ሳጥኑ ውስጥ ከተተች፤ ግድግዳውን በእጇ ዳብሳ ቻርጀሩን ሶኬቱ ላይ ሰካች። ኤሌክትሪክ ሲገባ ሳጥኗ ላይ የሽምብራ ፍሬ የምታህል ቀይ መብራት ትበራለች። ድምፅ የላትም፣ ሙቀት የላትም፤ ለሚያይ ሰው ብቻ የተሠራች መብራት ናት። ቤት ውስጥ ሀዋ ታይላታለች። እዚያ ክፍል ግን ከጥጋቡ በቀር ሰው አልነበረም። ተራዋ እስኪደርስ አርባ ደቂቃ ነበራትና ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች፤ ከዚያ ጠየቀችው።

«ጥጋቡ፣ ወንድሜ፣ እስኪ እይልኝ፤ ቀዩ መብራት በርቷል?»

ጥጋቡም፣ «በርቷል። አይዞሽ» አላት።

«አላህ ያክብርልኝ» አለችው።

ሦስተኛው ዜና ላይ ስትደርስ ኢርፎኑ ሁለት ጊዜ ጢጥ ብሎ ዝም አለ። ሩቅያ ጆሮዋ ውስጥ የቀሩትን ሦስት ቃላት ተናገረች። ከዚያ በኋላ የሚከተል ቃል አልነበራትም። ሬዲዮ ላይ ዝምታ ረጅም ነው። ደሴ ሰው ሁሉ የዚያችን ልጅ ትንፋሽ ሰማ። ልብስ ሰፊው አባቷ አቶ ይመር ሱቃቸው ውስጥ የመኪናውን ፔዳል አቁመው፣ ደንበኞቹ ፊት እንዳያለቅሱ ጨርቁ ላይ አቀረቀሩ። በስምንት ሰዓት ጥጋቡ እንደ ውኃ የሚፈስ ዜና አነበበ። ቦታውን ወሰደ።

ሩቅያ ወንድም አላት፣ እንድሪስ፤ ፒያሳ ስልክ ይጠግናል፣ የመብራት ሥራም ይሠራል። ኢርፎኑን ሰጠችውና፣ «ጣለው፤ አርጅቷል። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ አምኜው መሄድ አልነበረብኝም» አለችው። እንድሪስ አልጣለም። ሦስት ቀን ሙሉ ሥራውን ትቶ ያችን ሳጥን ሲመረምር ዋለ። የሚነካኩትን ጫፎች ጠረገ፤ ኢርፎኑን እስኪሞት አዳመጠበት፤ ልክ እንደዚያ ቀን አርባ ደቂቃ ሰክቶ ሰዓት ይዞ ጠበቀ። በሰካው ቁጥር ቀይዋ መብራት ወዲያው ትበራለች፤ አርባ ደቂቃ የጠጣው ኢርፎን ሦስት ሰዓት ይናገራል። አንዴ አይደለም፣ አምስት ጊዜ።

«ሩቄ፣ ዕቃው ጤነኛ ነው» አላት። «ያን ቀን ኤሌክትሪክ አልነካውም።»

«በርቷል ብሎኛል እኮ።»

«እሱማ ብሎሻል።»

ሩቅያ ያኔ ነው የገባት። ሦስት ቀን ሙሉ ራሷን ስትረግም ነበር፤ አሁን እርግማኑ ከራሷ ላይ ተነስቶ የሚያርፍበት ሰው አገኘ። እንድሪስ ሄዶ ሊሰብረው ተነሳ። ሀዋ ያዘችው። «በጥርጣሬ ሰው አይፈረድበትም። ከገዛ አፉ ይውጣ» አለች። ሩቅያም፣ «ይህን ቂም እኔ ተሸክሜ መኖር አልችልም። ለእናንተ ሰጥቻችኋለሁ፤ የፈለጋችሁትን አድርጉት» አለቻቸው። ሁለቱም ተቀበሏት።

ከወር በኋላ ጣቢያው አዘነላት መሰለኝ የአድማጮችን ስልክ እንድትቀበል ቀጠራት። ከስቱዲዮው ጎን ካለች ጠባብ ክፍል ተቀምጣ፣ በአየር ላይ ያለውን በትልቅ ማዳመጫ እየሰማች፣ ደዋይ ስታስተናግድ ትውላለች። ጥጋቡ ከወዲያ ሆኖ በድምፅ ማገናኛው ይጠራታል፤ እሷም ትመልሳለች። ቂሙን ሰጥቻለሁ ብላ ነበር። ግን ያ ሰው በየቀኑ «እንደምን ዋላችሁ» ባለ ቁጥር ጥፍሯ መዳፏን ይወጋታል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ጥጋቡ ረስቶ ነበር፤ «እህቴ» ይላታል።

ሀዋ ኮምቦልቻ አስተማሪ ናት። የአባቷ ስም ሌላ ስለሆነ ዝምድናቸውን ጥጋቡ አያውቅም። የተማሪዎች ፕሮግራም ላይ በየሳምንቱ እንግዳ ሆና መምጣት ጀመረች። በቀልዱ ሳቀችለት፣ ምሳ አብራው በላች፣ የምትጠላውን ሰው ሦስት ወር ሙሉ ዓይን ዓይኑን እያየች አወደሰችው። ቤቷ ስትገባ አፏን ትጉመጠመጣለች። ለሩቅያ ምንም አልነገረቻትም፤ ሩቅያም አልጠየቀቻትም።

እንድሪስን ደግሞ ጣቢያው መብራት በተበላሸ ቁጥር ይጠራዋል። ስቱዲዮው በር ላይ ቀይ መብራት አለች፤ ማይክ ሲከፈት ትበራለች፣ ሲዘጋ ትጠፋለች። አንድ ሐሙስ ዕለት የኮርኒስ አምፖል ሊቀይር መጥቶ የዚያችን ቀይ መብራት አንዷን ሽቦ አላላት። አርብ ጠዋት መብራቷ ብልጭ ድርግም ስትል አረፈደች፤ ቀትር ላይ ጭራሽ ጠፋች።

የዚያን ቀን ሀዋ እንግዳ ነበረች። በመሀል ዘፈን ተለቀቀ። ጥጋቡ ማዳመጫውን ከጆሮው አውልቆ ወንበሩ ላይ ተለጠጠ። ሀዋ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «አንተ፣ ያቺን ድምፀ መረዋ ዓይነ ስውር እንዴት አሸነፍካት ግን? ሰው ሁሉ እሷ ናት የምትገባው ይል ነበር» አለችው።

ጥጋቡ ፈገግ አለ። ሊናገር ሲል ቀይዋን መብራት ቀና ብሎ አየ፤ አልበራችም። ግን ከጠዋት ጀምሮ ስትቀልድበት ስለዋለች አላመናትም። የድምፅ ማገናኛውን ተጫነ።

ሩቅያ በዚያች ቅጽበት ጠባቧ ክፍል ውስጥ ነበረች። ጆሮዋ ላይ የዘፈኑ የመጨረሻ ከበሮ መትቶ ቆመ። ከመስተዋቱ ማዶ ያለው ቴክኒሺያን ማይኩን ከፈተ፣ ቀጣዩንም ዘፈን ሊፈልግ አቀረቀረ። ሩቅያ የጥጋቡ ወንበር ሲንቋቋ በአየር ላይ ሰማች። ከዚያ ድምፁ መጣ።

«ሩቅያ፣ እህቴ፣ ዘፈኑ እየሄደ ነው?»

ማንም አልነገራትም፤ ሁሉም ነገር ግን በአንድ ጊዜ ተገለጠላት፤ የሀዋ ሳቅ፣ የእንድሪስ መምጣት፣ የመብራቷ መበላሸት። አንድ ቃል ብትናገር ያ ሰው ይድናል። «አልቋል» ማለት ነው፣ ሌላ ምንም። ያቺ ዝምታ፣ አባቷ ጨርቅ ላይ ያቀረቀሩባት፣ ጆሮዋ ውስጥ ተመልሳ መጣች።

«እየሄደ ነው። አይዞህ» አለችው።

ጥጋቡም ተናገረ። «ድምፅማ አላት፣ አልዋሽም። ግን ምን ላድርግ፣ ሶኬቱ አንድ ብቻ ነው። የእሷን ነቅዬ የእኔን ስልክ ሰካሁበት። ‹ቀዩ በርቷል?› አለችኝ። ‹በርቷል፣ አይዞሽ› አልኳት። መረቀችኝ እኮ፣ አይገርምሽም?» ብሎ ሳቀ። ቴክኒሺያኑ በድንጋጤ ቀና አለ፤ ጣቱ ቁልፉ ላይ ደረሰ። እስኪጨርስ ድረስ አልዘጋውም። ለምን እንደሆነ እስካሁን ለማንም አልተናገረም።

ደሴ በሙሉ ሰማው። የስልክ መስመሮቹ በአንድ ጊዜ ጮኹ፤ ሩቅያ አንዱንም አላነሳችም። በዚያው ሳምንት ጥጋቡ ከሥራ ተባረረ። ያጫት ልጅ ቤተሰብ ሽማግሌ ልኮ ጋብቻውን አፈረሰ። ገበያ ሲወጣ ልጆች ከኋላው «በርቷል? በርቷል?» እያሉ ይከተሉታል። ሩቅያ ዜና እንድታነብ ተጠራች፤ ማንበብም ጀመረች።

ነገሩ ግን በዚህ አልቆመም። የጥጋቡ አባት ደም ሳይመጣ ብለው የአገር አስታራቂዎችን፣ አባጋሮችን፣ አቶ ይመር ቤት ላኩ። ጥጋቡ እንደ ወጉ ድንጋይ ማጅራቱ ላይ ተሸክሞ ደጃፉ ላይ ቆመ። የአባጋሮቹ አለቃ ሼህ ኑርዬ ከፊታቸው ለተቀመጡት ለሩቅያ፣ ለእንድሪስና ለሀዋ እንዲህ አሉ፦ «ሦስት አፍ አንድ ዕርቅ አይጨርስም። የቂሙ ባለቤት ማነው? ድንጋዩን አውርዶ ፍርዱን የሚናገር እሱ ብቻ ነው። እሱ ያለውን ሁላችንም እንቀበላለን።»

እንድሪስ ተነሳ። «ባለቤቱ እኔ ነኝ» አለ። «እኔ ባልመረምር እህቴ ዕድሜዋን ሙሉ ራሷን ስትረግም ትኖር ነበር። ቂሟን በገዛ አፏ ሰጥታኛለች። ሽቦዋንም ያላላኋት እኔ ነኝ፤ መብራቷ በርታ ቢሆን አንዲት ቃል ባልተነፈሰ። ፍርዴ ይኸው፤ ደሴን ለቆ ይሂድ፣ ድንጋዩንም ከተማውን ሲወጣ ያውርደው።»

ሀዋ ተነሳች። «ባለቤቷ እኔ ነኝ» አለች። «የእንድሪስ ምርመራ ጥርጣሬ ነበር፤ እውነቱን ከአፉ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ለእኔም ሰጥታኛለች። እናንተ ሽቦ ነክታችኋል፣ ቃል ተናግራችኋል፤ እኔ ሦስት ወር ከምጠላው ሰው ጋር እንጀራ ቆርሻለሁ። ፍርዴ ይኸው፤ ሬዲዮ ላይ ወጥቶ፣ አውቆና ፈቅዶ፣ ያደረገውን ይናገር። ከዚያ ድንጋዩን እኔው አወርድለታለሁ፤ ከተማው ውስጥ ይኑር።»

ሩቅያ መጨረሻ ላይ ተነሳች፣ የበሩን መቃን በእጇ ይዛ። «ሰጥቻችሁ ነበር፣ እውነት ነው» አለች። «ግን ሳትነግሩኝ ደግሳችሁ፣ ቢላውን እኔ እጅ ላይ ነው ያደረሳችሁት። ሽቦውም ምላሱም ምንም አልነበሩም፤ ‹አልቋል› ብዬው ቢሆን ዛሬም ዜና አንባቢ ነበር። በአንዲት ቃል ገደለኝ፣ በአንዲት ቃል ገደልኩት። ፍርዴ ይኸው፤ ድንጋዩን አሁኑኑ ያውርድ፣ የፈለገበት ይኑር። እጁን ግን እስክሞት አልጨብጥም፤ ዕርቅም አልለውም።»

ከአባጋሮቹ አንዱ፣ የተበደለች እሷ ስለሆነች ቃሉ የእሷ ነው አሉ። ሌላው፣ የተሰጠ ቂም እንደተሰጠ ነው፣ ደግሞም በእጇ የተበቀለች ሰው ምን ቂም ቀርቷት ትፈርዳለች አሉ። ሦስተኛው፣ እውነቱን ያወጣ ነው ባለቤቱ አሉ። ሼህ ኑርዬ ለአንዳቸውም አልፈረዱም። አቶ ይመር ከልጅ ልጅ ለይተው ማድላት አልሆነላቸውም። ጥጋቡ ደጃፉ ላይ ጎንበስ ብሎ ቆሟል፤ ድንጋዩ ማጅራቱ ላይ ነው።

እኔ የሰማሁት እስከዚህ ነው። በሉ እናንተ ተናገሩ፤ ያን ድንጋይ የማውረዱ ሥልጣን የሚገባው ለማን ነው? ለመረመረው፣ ላናገረችው፣ ወይስ «እየሄደ ነው» ላለችው?