የግራዝማች ሽማግሌዎች

ባላባቱ ግራዝማች አንበርብር የጭሰኛቸውን ልጅ ለማግባት ደጋግመው ሽማግሌ ቢልኩም፣ ልጅቷ «እግዚአብሔር ጠርቶኛል» ብላ ካቶሊክ ገዳም ገባች። ነገሩ ቢያንገበግባቸው ሽበታቸውን ቅቤ ተቀብተው፣ በቅሎ አስጭነው ገዳሙ ድረስ ሄዱ። እናት አለቃዋም ልጅቷን አስጠሩላቸው።

«እኔ በወጉ ነው የጠየቅሁሽ» አሉ ግራዝማች፣ እናት አለቃዋ እንዲሰሙ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። «ሽማግሌ ሳይልክ ሴት የሚወስድ በአገራችን ጠላፊ ነው። ያንቺ ጠሪ ማንን ላከ?»

ልጅቷ እጅ ነስታ፣ «ማንንም አልላከም፤ ራሱ ነው የጠራኝ» አለች። «እርስዎ ግን ሽማግሌ ላኩ፤ ደግመው ላኩ። ዛሬ ሙሽራው ራሱ መጣ ሲሉኝ እስቲ ልየው ብዬ ብወጣ፣ አሁንም የመጣው ሽማግሌ ነው።»