ሦስት ጊዜ የተቀየረው ካታሊስት

ተረትና ምሳሌ ሁሉ ከአውድማና ከችሎት የመጣ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። አንዱ ግን የመጣው ከእኛ ጋራዥ ነው፤ ድሬዳዋ ውስጥ፣ ከአንዲት ሚኒባስ ሆድ ሥር። ዛሬ ሰው ለትዳሩም ለሹመቱም ሲጠቅሰው እሰማና ደረቴን ነፋ አደርጋለሁ። ሲነገር እዚያው ቆሜ ነበርና መነሻውን ልንገራችሁ።

ጋራዡ የኢክራም ነው፤ እኔ በያጅዋ ነኝ። ኢክራም ለዓመታት በሰው ጋራዥ ሠርታ የራሷን የከፈተች ሴት ናት። በሩ ላይ ስሟን በትልቁ አስጽፋለች። ትሕትና አታበዛም። «ከዚህ ግቢ በሽታው ሳይታወቅ የሚወጣ መኪና የለም» ትላለች፤ እኛም ተጋብቶብን እንደዚያው እንላለን።

አንድ ማለዳ ደግፌ መጣ። ከድሬዳዋ ሐረር ሚኒባስ የሚነዳ፣ በመኪናው የሚኮራ ሰው ነው። ሌላው ሹፌር የደንገጎን ዳገት እያቃሰተ ሲወጣ እሱ ጥሩምባ እየነፋ ያልፈው ነበር። ያን ቀን ግን ሚኒባሷ እየተንቀጠቀጠች ገባች። የተበላሸ ዕንቁላል ትሸታለች፤ ዳሽቦርዱ ላይ የሞተር መብራት በርቷል። ደግፌ በማዳበሪያ የተጠቀለለ ዕቃ አውርዶ መሬት ላይ አስቀመጠ።

«ካታሊስቷ ነው። አሮጌውን አውጥተሽ ይህን ግጠሚልኝ። ተሳፋሪ ይጠብቀኛል።»

ካታሊስት ከሞተር የሚወጣውን መርዘኛ ጭስ የሚያጣራ፣ ከማርሚታው ቀደም ብሎ መኪናው ሥር የሚገጠም ዕቃ ነው። ርካሽ አይደለም።

«ባለፈው ወር አዲስ አስገጥመህ አልነበር?» አለችው ኢክራም።

«አስገጥሜ ነበር። ተበላሸ።»

«ምን አበላሸው?»

«እኔ ምን አውቄ። በኮምፒውተር አይተው ካታሊስት ነው አሉኝ፤ ቀየርኩ። ኦክስጅን ሴንሰሩም ነው አሉኝ፤ እሱንም ቀየርኩ። አሁንም ካታሊስት ይላል።»

«ኮምፒውተሩ የሚነግርህ የታመመውን ነው። ያሳመመውን እኔ ልፈልገው። እስከ ከሰዓት ተዋት።»

«ግጠሚልኝ ነው ያልኩሽ ኢክራም፤ መርምሪልኝ አላልኩም።»

«እንግዲያው አልገጥምም። በወሩ ተቃጥሎ ሲወጣ ሰው የሚጠራው የእኔን ስም ነው።»

ደግፌ ዕቃውን አፈፍ አድርጎ ወጣ፤ ወረድ ብሎ ካለ ሌላ ጋራዥ አስገጠመው። ያ ሳምንት ለእኛ ጭር ያለ ነበርና ሥራ መመለሷ ቅር አለኝ። እሷ ግን እጇን ታጥባ ቁርሷን በላች።

ቀጥሎ የሆነውን የነገሩኝ ጋሽ ተክለየስ ናቸው፤ የደግፌ አማት። ዕድሜያቸውን ሙሉ ደም ሲያደርቁ፣ ደም የተቃቡ ቤተሰቦችን ሲያስታርቁ የኖሩ ሽማግሌ ናቸው። ያን ቀንም ሐረር አካባቢ ሁለት ባላንጣዎችን ለማስታረቅ ቀጠሮ ነበራቸውና ጋቢና ከአማቻቸው ጎን ተቀምጠው ተጓዙ።

ሚኒባሷ ሜዳውን በደህና ሄደች። ደንገጎ ስትደርስ ግን ትስል ጀመር። ደግፌ ነዳጅ በረገጠ ቁጥር ጉልበቷ እየከዳት መጣ። የኋላ ተሳፋሪዎች ወለሉ እግራችንን አቃጠለን አሉ። በመጨረሻ ከመንገዱ ወጣ አድርጎ፣ የደረቀ ሣር ላይ አቆማት። ሰዉ ወርዶ ሳያበቃ ከሥሯ ጭስ ተነሳ፤ ሣሩ ተያያዘ። እሳቱ ወደ አንድ ገበሬ የማሽላ አገዳ ክምር መሄድ ሲጀምር ተሳፋሪው በአፈር፣ በነጠላ፣ በመጠጥ ውሃው ሳይቀር ተረባረበበት። ገበሬውም ቅጠል ይዞ ደርሶ አብሯቸው መታው። ክምሩ ተረፈ፤ ሰውም አልተጎዳም። ደግፌ ግን ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ቀረ።

ሚኒባሷን አስጎትተው እኛ ጋ አመጧት። ጋሽ ተክለየስ ቀጠሮውን በስልክ ለሌላ ቀን አዛውረው አብረው መጡ። ደግፌ የኢክራምን ዓይን ማየት አፍሯል።

«ሰው ተጎድቷል?» አለች።

«የለም።»

«አልሐምዱሊላህ። በሉ ግፏትና አስገቡልኝ።»

ካታሊስቱን አወረድነው፤ ውስጡ ቀልጦ ተዘግቷል። ሞተሩ ውስጥ ቤንዚኑን የሚያቀጣጥሉትን ካንዴላዎች አንድ በአንድ ፈታች። ሦስቱ ደረቅ ናቸው፤ አራተኛው በቤንዚን ርሷል። ለዚያ ካንዴላ እሳት የሚሰጠውን ኮይል ከጎረቤቱ ጋር አቀያይራ ሞተሩን አስነሳችና እስኪሞቅ ጠበቀች። ቀዝቃዛ ሳለ ደህና ነበር። ሲሞቅ መንቀጥቀጡ ተመለሰ፤ በኮምፒውተር ስታየውም እሳት ያጣው አሁን ጎረቤቱ ሆኗል። በሽታው ኮይሉን ተከትሎ ሄደ ማለት ነው።

ኮይሉን አውጥታ በመዳፏ ያዘችው። ጋሽ ተክለየስ ጠጋ አሉ።

«ልጄ፣ ታዲያ ያ ሁላችን የከሰስነው ዕቃ ጥፋቱ ምንድን ነው?»

«ጥፋት የለበትም አባባ። ይሄኛው ሲሞቅ እሳት መስጠት ያቆማል፤ ቤንዚኑ ሳይቃጠል ይወጣና ካታሊስቱ ውስጥ ገብቶ ይነድዳል። እሱን ያቀልጠዋል። አሥር ቢገጥሙለት አሥሩንም ይገድላል።»

«ሴንሰር ያላችሁትስ?»

«እሱ ምስክር ነው፤ ጭሱን ለክቶ ያየውን ተናገረ። እነሱ ምስክሩን ቀየሩት።»

ሽማግሌው ኮይሉን ተቀብለው አገላብጠው አዩትና መለሱላት።

ነገሩ በመልካም አለቀ። አዲሱ ኮይል ተገጠመ፤ ሦስተኛው ካታሊስት የተገጠመው ከዚያ በኋላ ነው። ኢክራም ሚኒባሷን ለሙከራ ራሷ ይዛ ደንገጎን ወጣች፤ ደግፌ ከጎኗ፣ እኔ ከኋላ ነበርን። መንቀጥቀጥ የለ፣ ሽታ የለ፣ መብራቱም ጠፍቷል። አናቱ ላይ ስንደርስ ጥሩምባውን ረጅም አድርጋ ነፋችው። ደግፌ ሳቀ፤ ዓይኑ ግን እንባ አቅርሮ ነበር። ከዚያ ወዲህ መናኸሪያ ውስጥ ስሟን እንደ እሱ የሚጠራላት የለም።

ቃሉ የተነገረው ግን ከዚያ በፊት፣ ኮይሉ ገና ከአዲስ አበባ በመምጣት ላይ ሳለ ነው። ደግፌ ተሳፋሪው በሌላ ሹፌር እንዳይወሰድበት ሰግቶ፣ ሌላ ካታሊስት ከየት እንዳገኘ እንጃ፣ ተሸክሞ መጣ። «እስከዚያው ይህን ግጠሚልኝና አንድ ምልልስ ብቻ ልሥራባት» ሲል ለመናት። ኢክራም ልትመልስለት አፏን ስትከፍት ጋሽ ተክለየስ ቀደሟት፤ እጃቸውን አማቻቸው ትከሻ ላይ ጣል አድርገው፣ ባላንጣ በሚያስታርቁበት በዚያ ረጋ ባለ ድምፃቸው፣ «ተው ልጄ፣ ገዳዩን ሳያስወጡ በሟች ወንበር ሰው አያስቀምጡ» አሉት።