ለአንድ ቀን የተከፈተው መንገድ

ተረት ልንገራችሁ፣ ጆሯችሁን ስጡኝ።

ዝንጀሮዎችና ጦጣዎች በአንዲት ሾላ ተጣልተው ሦስት ክረምት ተዋጉ። አስታራቂ ነኝ ያለው ዝሆን፣ «እስክትስማሙ ዛፏን እኔ ልጠብቅላችሁ» ብሎ ከሥሯ ተቀመጠ። እንዳይራቡም እያለ ለሁለቱም ወገን እህል ይልክ ነበር። እህሉን የምትሸከመው አንዲት ታዛዥ በቅሎ ነበረች።

አንድ ቀን በቅሎዋ መንገድ ላይ የወደቁትን ሬሳዎች እየተሻገረች ስታልፍ ቆመች። «እህሉን ካጡ መዋጋቱን ትተው ይታረቃሉ» ብላ ጭነቷን ገደል ሰደደችና መንገድ ዳር ተኛች። የዝሆኑ አሽከሮች ቢደበድቧትም አልተነሳችም።

በአምስተኛው ቀን ረሃብ ሲጠናባቸው የሁለቱም ወገን አለቆች ዝሆኑ ዘንድ ሄዱ። የዝንጀሮዎቹ አለቃ ሲመለስ በቅሎዋ ቁስሏን እየላሰች ጠበቀችው።

«ጌታዬ፣ ታረቃችሁ?»

«ተስማማን» አላት ፊቱ በርቶ።

እንባዋ መጣ። «በምን ተስማማችሁ?»

«ነገ አንድ ቀን መንገዱ ላይ ድንጋይ ላንወራወር። ዝሆኑ አርባ አህያ እህል ሊልክ ነው፤ ሃያው ለእኛ፣ ሃያው ለእነሱ።»

በማግስቱ አህዮቹ ተጭነው መጡ። በቅሎዋ እንደምንም ተነስታ መንገዱ መሃል ቆመች፤ «ተመለሱ! እባካችሁ ተመለሱ!» ብላ ጮኸች።

የፊተኛው አህያ ቀና ብሎ እንኳ አላያትም።

«እህቴ፣ አሳልፊን» አላት፤ «መንገዱ ማታ ይዘጋል።»