አጥኚው

ፕሮፌሰር ምንተስኖት የአንዲት መንደር ሰው ለምን እንደደኸየ ሲያጠኑ ሦስት ዓመት ከረሙ። በአራተኛው ዓመት ከዩኒቨርሲቲው እንግዶች አስከትለው፣ ያንኑ መጠይቅ ይዘው ከአንዲት የመንደሯ ጠላ ሻጭ ደጃፍ ደረሱ።

«በቀን ስንቴ ትበያለሽ? ቤትሽ ውስጥ ምን ምን አለ?»

«ሦስቴ ነግሬዎታለሁ፤ ለአራተኛ አልደግምም» አለች ጠላ ሻጯ።

እንግዶቹ ፊት መዋረዳቸው ፕሮፌሰሩን አንገበገባቸው። «መልሺ! አለዚያ እንቢተኛ ናት ብዬ ለቀበሌ ነው የምናገረው። ደግሞስ አንቺ ጥናት ምኑን ታውቂዋለሽ? ከእኔ ሌላ ቤትሽን ማን አጥንቶት ያውቃል?»

«ሌባ ነዋ፣ ጌታዬ!» አለች ቀበል አድርጋ። «አምና አንዱ መቼ እንደምወጣ፣ መቼ እንደምመለስ እንደ እርስዎ አንድ በአንድ ሲያጠና ከርሞ ቤቴ ገባ። እሱ ግን አንዴ እንደገባ ድህነቴም ገባው፤ ተመልሶ አልመጣም።»