ካልሲዋ ካልያዘች

ተረቴ ከሐይቅ ዳር ትነሳለች፤ ጆሮ ያለው ጆሮውን ያውሰኝ።

በአንዲት ትንሽ ደሴት ላይ እማማ ዘርፌ የሚባሉ መረብ ሠሪ ነበሩ። የሟች ባላቸውን መረብ ጠግነው ለልጃቸው ሊያወርሱ ጀምረዋል፤ ዓይናቸው ግን ደክሟል። ሳልጨርሰው ዓይኔ ይጠፋል ብለው ፈሩ። የሚመኙት አንድ አምፖል ብቻ ነበር። አምፖሉስ ተሰቅሏል፤ ግን አይበራም።

አንድ ጭጋጋማ ጠዋት፣ እንቅልፋቸው በደንብ ሳይለቃቸው፣ "አምፖሌ፣ ምነው አትበራልኝም?" አሉት።

"ሽቦው ሳይመጣ በምን ልብራ?" አላቸው።

መረባቸውን ይዘው በታንኳ ማዶ ተሻገሩ። ፕላስቲክ የለበሰው ወፍራም ሽቦ ተጠቅልሎ ተኝቷል። "ገመዱ ሳይጎትተኝ እንዴት ልምጣ?" አለ። ሽቦው አይሻገር፣ አምፖሉ አይበራ።

ገመዱ ውሃው ላይ ተንጋሏል። "ካልሲዋ ሽቦውን ሳትይዝልኝ ምኑን ልጎትት?" አለ። ካልሲ የሚሏት በሽቦው ጫፍ ላይ የምትጠልቅ የተጠለፈች መያዣ ናት። ካልሲዋ አትይዝ፣ ገመዱ አይጎትት፣ ሽቦው አይሻገር፣ አምፖሉ አይበራ።

ካልሲዎቹ ሦስት ናቸው። የብረቷ፣ "ብይዘው ልብሱን እቀድበታለሁ" አለች። የናይሎኗ፣ "እኔ ስጎተት እለጠጣለሁ" አለች። ከጠንካራ ቢጫ ክር የተጠለፈችው፣ "አልቀድም፣ አልለጠጥም፤ ግን አፌ ክፍት ስለሆነ እሾልካለሁ" አለች።

የሽቦ ዘርጊዎቹ አለቃ፣ ፎርማን ሙሉሰው፣ አጠገባቸው ቆሞ ጭንቅላቱን ያካል። "እማማ፣ የያዘችው ትቀደዋለች፣ ያልቀደደችው ትሾልካለች። የቱን ልምረጥ?"

"ልጄ፣ እኛ ዓሣ የሞላ መረብ ስንጎትት መጀመሪያ አፉን ነው የምናስረው። ቢጫዋን አጥልቅና አፏን እሰር።"

"በምን ልሰራት?"

እማማ ዘርፌ መረባቸውን አዩ። የቀራቸው ክር ባላቸው በእጃቸው የገመዱት፣ ከመረቡ ዳር ያለው ብቻ ነው። ክሩ አይፈታ፣ አፏ አይታሰር፣ ካልሲዋ አትይዝ፣ ገመዱ አይጎትት፣ ሽቦው አይሻገር፣ አምፖሉ አይበራ። ክሩን በጣታቸው ዳበሱት። ቢሆንም ፈቱት፤ ሦስት ዙር ጠምጥመው ቋጠሩት።

ክሩ ተፈታ፣ አፏ ታሰረ፣ ካልሲዋ ያዘች፣ ገመዱ ጎተተ፣ ሽቦው በጭጋጉ መሐል ቀስ እያለ ተሻገረ፣ አምፖሉ በራ።

እማማ መረቡን ብርሃኑ ሥር ዘረጉት። ዳሩ ጎድሏል። ያኔ ፎርማን ሙሉሰው በር ላይ ቆሞ፣ ጣቱ ላይ የጠመጠመውን ክር ፈታላቸው።

"ሥራውን ጨርሷል፣ እማማ" አላቸው።

ተቀበሉትና መርፌያቸውን አነሱ። ክሩ በአንዴ ገባ።

ተረቴን እዚህ ቋጠርኳት፤ የፈታት መልሶ ይሰራት።