የቀለጠው ሰም ዋጋ

አንድ ምላሱ የሰላ አንጥረኛ ነበር አሉ። የአገሩ ዳኛ ግራዝማች ይርዳው ለበቅሏቸው የነሐስ ቃጭል አዘዙት። ሰውየውም ቃጭሉን መጀመሪያ በሰም ቀረጸና በጭቃ መረገው። እሳት ላይ አድርጎ ሰሙን አቅልጦ አፈሰሰ፤ ሰሙ በለቀቀው ቦታ የቀለጠ ነሐስ ሞላበት፤ ሲበርድ ጭቃውን ሰብሮ ቃጭሉን አወጣ።

ዋጋውን ቢነግራቸው ግራዝማች ቱግ አሉ።

«የነሐሱንስ እሺ። ሰሙ ቀልጦ ሄዷል፤ ጭቃውን ራስህ ሰብረኸዋል፤ ከሰሉም አመድ ሆኗል። እኔ እጄ ላልገባ ነገር አልከፍልም!»

አንጥረኛው ለሰሙ ሁለት አሞሌ ጨው አውጥቶበታል። ቢሆንም ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ።

«መልካም ፍርድ ነው፣ ጌታዬ። እንግዲያው አምና የድንበር ክርክሬን ሲፈርዱልኝ የተቀበሉኝን ሙክት ይመልሱልኛ! ቤቴ ገብቼ እጄን ባየው፣ ከፍርዱ አንዲት ፍርፋሪ እንኳ አልነበረችበትም።»

ግራዝማች ደነገጡ። «አንተ ሰው! ሙክቱማ ያኔውኑ ተበልቶ አለቀ እኮ!»

«አዩ፣ ጌታዬ፤ የእኔም ሰም እንደ ሙክቱ ለእርስዎ ሲባል ነው ያለቀው።»