ደርቆ የደረሰው ጅብ

አንድ ጊዜ፣ ክረምቱ ሰኔ ላይ ገብቶ መውጣት እንቢ ባለበት ዓመት፣ በአንበሳ አገር ሞተር ሳይክል የሚነዳ አንድ አህያ ነበር። ሞተሩ የመንግሥት ነው። የአህያ ሥራ ከተራራው ማዶ ከምትኖረው ሐኪም ከኤሊ ዘንድ የአንበሳን የጉልበት መድኃኒት ማምጣት ነው። መድኃኒቱ ዱቄት ስለሆነ ውሃ ከነካው አይረባም። አህያ በሰባት ክረምት አንድም ቀን አርጥቦት አያውቅም።

ከዚያ በፊት አህያ ከሰል ተሸካሚ ነበር። ጀርባው ላይ የማይሽር ቁስል ነበረበት። የሻረለት ሞተሩ ከተሰጠው በኋላ ነው፤ በቁስሉ ቦታም ጠጉር በቀለበት። ስለዚህ ሞተሩን ጠዋት ጠዋት በጨርቅ ይወለውለዋል፤ ሲያቆመውም ላስቲክ ያለብሰዋል።

በዝናብ መንዳት የራሱ ጥበብ አለው። አህያ የዝናብ ልብሱን የሚለብሰው ገና ሰማዩ ሲጠቁር ነው፤ ከረጠበ በኋላ የሚለብስ ሰው ውሃውን ከውስጥ ቆልፎበት ነው የሚሄደው ይላል። የሱሪውን እግር ቦት ጫማው ውስጥ አይከትም፤ ከላይ ያወርደዋል፣ አለዚያ ጫማው ባልዲ ይሆናል። ጃኬቱን አዙሮ፣ ዚፑን ወደ ጀርባው አድርጎ ይለብሳል፤ ነፋስ በዚፑ በኩል ገብቶ ደረቱን እንዳያገኘው ነው። መድኃኒቱን በሁለት ፌስታል ደራርቦ ያስርና በጃኬቱ ሥር ያቅፈዋል። መላ ያላገኘለት ጆሮውን ብቻ ነው። ሄልሜት ለአህያ ተብሎ ስላልተሠራ ለጆሮዎቹ ሁለት ቀዳዳ አበጅቶለታል። በቀዳዳዎቹ የሚገባው ውሃ በአንገቱ ወርዶ ደረቱ ድረስ ይደርሳል። አህያ ይህን ከሥራው ጋር የመጣ ነገር አድርጎ ስለቆጠረው ለማንም አውርቶት አያውቅም።

ጅብ ይህን ሞተር ተመኘ። ከተራራው ማዶ በእግሩ የማይደርስባቸው በጎች እንዳሉ ሰምቷል። አንድ ቀን ወደ አንበሳ ጸሐፊ ወደ ቀበሮ ሄደ።

«አቶ ቀበሮ፣ ያ ሞተር ለእኔ ቢሆን ምን ይጎድላል?»

«መንዳት ትችላለህ?»

«አልችልም።»

«እሱ ችግር የለውም፤ ሥራው ከተያዘ በኋላ ይለመዳል። ለእኔስ ምን አስበህልኛል?»

«በሳምንት አንድ ዶሮ።»

«ነገሩ አልገባኝም።»

«ሁለት ዶሮ።»

«አሁን ገባኝ» አለ ቀበሮ፤ ብዕሩንም አነሳ።

በማግሥቱ ቀበሮ አንበሳ ፊት ቆሞ አዲስ መመሪያ አነበበ። «ጌታዬ፣ ለክቡር ጉልበትዎ ስንል ያዘጋጀነው ነው። እርጥበት እንደሚጠላ እናውቃለን። አህያ ግን ውሃውን እያንጠባጠበ እዚህ ምንጣፍ ላይ ይቆማል። ከእንግዲህ ሞተሩ የሚሰጠው ከተራራው ማዶ ደርቆ ለሚደርስ ነው። ሁለት አመልካቾች አሉ፤ አህያና ጅብ።»

«ሞተሩ አንድ አይደለም እንዴ?» አለ አንበሳ።

«አንድ ነው ጌታዬ። አብረው ሄደው አብረው ይመለሳሉ። አህያ ይነዳል፣ ጅብ ከኋላ ይቀመጣል።»

አንበሳ ጥቂት አሰበ። «እንዲያማ ከሆነ ትክክል ነው። ሁለቱም ላይ የሚዘንበው አንድ ዝናብ ነው» አለ። ይህ ፍርዱ ራሱን በጣም ደስ አሰኘው።

አህያ ጆሮዎቹን ጣለ። ከተሸነፈ ተመልሶ ከሰል እንደሚጫን ያውቃል።

በቀጠሮው ቀን ሲነሱ ጅብ ከኋላው ተፈናጠጠ። የጅብ ትንፋሽ ማጅራቱን ሲያሞቀው አህያ አልተመቸውም።

«አያ ጅቦ፣ እንዳትነክሰኝ አደራ።»

«ብነክስህ ማን ይነዳል? እስክንመለስ ድረስ ወንድሜ ነህ።»

ከኤሊ ቤት መድኃኒቱን ተቀብለው ሲመለሱ፣ ተራራው አናት ላይ ዝናቡ ከፊት ለፊት መጣ። ጠብታው እንደ ጠጠር ይማታል። መንገዱ ወዲያው ወንዝ ሆነ። አህያ ፍጥነቱን ቀንሶ፣ ዓይኑን አጨንቁሮ፣ መሪውን በሁለት እጁ ጨብጦ ቀጠለ። ጅብ ራሱን በአህያ ትከሻዎች መካከል ቀብሮ ሞቆት ነበር።

«እየዘነበ ነው እንዴ?» አለ ጅብ ቆይቶ።

«ትንሽ» አለ አህያ። አፉ ውስጥ ውሃ ነበር።

አዳራሹ ሲደርሱ አንበሳ መዳፉን ዘርግቶ ሁለቱንም ዳሰሰ። የአህያ አንገት ውሃ፣ ደረቱም ውሃ ነው። የጅብ አንገት ደረቅ፣ ደረቱም ደረቅ ነው።

«ጅራቱ ግን ጭቃ ነው» አለ አንበሳ።

«ጅራት መመሪያው ላይ የለም ጌታዬ» አለ ቀበሮ።

አህያ ጉሮሮውን ጠረገ። «ጌታዬ፣ እሱ የደረቀው እኔ ከፊቱ ስለነበርኩ ነው።»

«አይ አህያ፣ ምክንያት አታጣም» አለ ጅብ። «አንድ ሞተር ላይ ነበርን፣ አንድ መንገድ ነው የመጣነው። እኔ ተጠነቀቅሁ፣ አንተ አልተጠነቀቅህም። በዚህ የሚያስቀይም ነገር የለም።»

አህያ ከደረቱ ሥር ፌስታሉን አውጥቶ ፈታው። መድኃኒቱ እንደ ተፈጨ ነው፤ አንዲት ጠብታ አልነካችውም።

«መድኃኒቱም ደረቅ ነው» አለ አንበሳ እየተገረመ።

«መድኃኒቱ አላመለከተም ጌታዬ» አለ ቀበሮና መዝገቡን ዘጋ።

አህያ የሞተሩን ቁልፍ አስረክቦ በእግሩ ወደ ቤቱ ሄደ። ሚስቱ በር ላይ ጠበቀችው።

«ማን አሸነፈ?»

«የደረቀው።»

«የት ተቀምጦ ነው የደረቀው?»

«ከኋላዬ።»

እሷም ገበያ ስትሄድ ስንት ክረምት ከኋላው ተቀምጣለች። ከኋላ የተቀመጠ የዝናቡን ድምፅ ይሰማል እንጂ ዝናቡን አያውቀውም። እሷ በዚያ ሁሉ መንገድ ስለ ጎመን ዋጋ፣ ስለ ጎረቤት፣ ስለሚያፈሰው ጣሪያ ስታወራለት ነበር። እሱም «እህ፣ እህ» እያለ ይነዳ ነበር።

«ነጠላዬ ሳይረጥብ ነበር ሁልጊዜ ቤቴ የምገባው» አለች። «አንድ ቀን እንኳ በረደህ ወይ ብዬ ጠይቄህ አላውቅም።»

«ብትጠይቂኝስ? አልበረደኝም እልሽ ነበር።»

«እሱንማ አውቃለሁ። ቢሆንም መጠየቅ ነበረብኝ።»

አህያ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። ጨርቅ አምጥታ ጆሮዎቹን አንድ በአንድ እስኪደርቁ ድረስ አሸችለት።

በማግሥቱ አህያ ከሰል ተጫነ። ሳምንት ሳይሞላው የድሮው ቁስል እንደገና ተከፈተ።

ጅብ በበኩሉ ሁለት ቀን ተለማምዶ ቀጥ ብሎ መንዳት ቻለ። መታጠፍ ገና አልደረሰበትም። የአንበሳ መድኃኒት ሲያልቅ አዲስ ቦት ጫማ አድርጎ ለጉዞ ተነሳ። ጫማው እንዲታይለት የሱሪውን እግር ውስጡ ከተተው። ቀበሮም የሁለት ዶሮውን ነገር በቅርብ ለመከታተል ከኋላው ተቀመጠ። ሲሄዱ ፀሐይ ስለነበር በደህና ደረሱ። ጅብ መድኃኒቱን ከኤሊ ተቀብሎ እንዲሁ ኪሱ ውስጥ ከተተው።

ሲመለሱ ዝናቡ ተራራው ላይ ጠበቃቸው። ውሃው በጅብ ሱሪ ወርዶ ጫማው ውስጥ ገባና እዚያው ቀረ። ማርሽ ለመቀየር እግሩን ሊያነሳ ቢል እግሩ እንደ ድንጋይ ከብዶ አልነሳ አለው። ጅብ ሞተሩን አቆመ።

«ይሄ ዝናብ ባለፈው የት ነበር?» አለ።

«እኔ ምንም ዝናብ አልታየኝም፤ ንዳ» አለ ቀበሮ ከኋላ ተሸጉጦ።

«አንተ ና ፊት ሁን።»

«እኔ ጸሐፊ ነኝ። ጸሐፊ ፊት ተቀምጦ ያውቃል?»

«እኔ ደግሞ በመመሪያው መሠረት ደርቄ የምደርስ ነኝ። መመሪያውን ራስህ ነህ የጻፍከው።»

ጅብ ወርዶ ከቀበሮ ኋላ ሄዶ ተቀመጠ። ሁለቱም ከኋላ ሆነው፣ የነጂው ቦታ ባዶ ሆኖ፣ ሞተሩ እስኪሄድ ድረስ ትንሽ ጠበቁ። ሞተሩ አልሄደም።

ይሄኔ ጅብ አንድ ሐሳብ መጣለት። «ዝናቡ የሚፈልገው ፊቴን ነው። ጀርባዬን ብሰጠው ያጣኛል።» ወደ ፊት ተመልሶ፣ ፊቱን ወደ ቀበሮ አዙሮ ተቀመጠና መሪውን በስተኋላው ያዘ። «መንገዱን አንተ ንገረኝ» አለው። ቀበሮ እሺ አለ፤ ግን እሱም ራሱን ጅብ ደረት ውስጥ ደብቆ ነበር።

«ቀኝ ነው ግራ?»

«እየተከታተልኩ ነው።»

የመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ መንገዱ ታጠፈ፤ እነሱ አልታጠፉም። ሞተሩ፣ ጅቡና ቀበሮው ቦይ ውስጥ ተከታትለው ገቡ። ጅብ ከጭቃው ወጥቶ ኪሱን ቢፈትሽ መድኃኒቱ ተቦክቷል። ቀመሰው። ይመራል። ቢሆንም ገንፎ ይመስላልና ጨረሰው።

ሞተሩን እየገፉ ተመልሰው አንበሳ ዘንድ ባዶ እጃቸውን ቀረቡ። «መድኃኒቴስ?» አለ አንበሳ።

«መንገድ ላይ ለተጠቃሚ ደርሷል ጌታዬ» አለ ቀበሮ።

በሦስተኛው ቀን የአንበሳ ጉልበት ዱባ አከለ። ኤሊ ተጠርታ ትምጣ ቢባል፣ ዛሬ ብትነሳ ለመስቀልም አትደርስም። ራሱ መሄድ አለበት። ጅብን ቢያስጠራው ሆዱን ይዞ ተኝቷል። ቀበሮም መንዳት በሥራ ዝርዝሩ ውስጥ እንደሌለ አስታወቀ። እንግዲህ አህያ ከከሰሉ ተጠራ።

አህያ ሞተሩን ከጭቃው አጥቦ፣ አንበሳን ከኋላው አስቀምጦ ተነሳ። ጃኬቱን እንደ ልማዱ አዙሮ ለብሶት ነበር፤ ዚፑን ግን ቁስሉን ስለሚነካው አልዘጋውም። ተራራው አናት ላይ ያ ዝናብ መጣ። አንበሳ ለመጠለል ራሱን ዝቅ ሲያደርግ ቁስሉ ዓይኑ ሥር ሆነ። ውሃው ከሄልሜቱ ቀዳዳ ይገባል፤ በአንገቱ ይወርድና በቁስሉ ላይ ያልፋል። የአህያ ቆዳ እየተንቀጠቀጠ፣ እጆቹ ግን መሪው ላይ ጸንተው ነበር። አንበሳ የሚያየው ሌላ ነገር ስላልነበረ እስኪደርሱ ድረስ ይህንኑ ሲያይ ቆየ።

ኤሊ በሯን ከፍታ አንበሳን አየችው። ጎፈሩ እንኳ አልረጠበም።

«ጌታዬ፣ በዚህ ዝናብ እንዲህ ደርቀው መጡ? ምን ዓይነት ነጂ ነዎት እባክዎ?»

አንበሳ አፉን ከፈተ። በዕድሜው የመጣለትን ምስጋና መልሶ አያውቅም። ይሄኛውም ጥሩ ምስጋና ነበር። አህያ ደጅ፣ ጣሪያው ጫፍ ሥር ቆሞ ሄልሜቱን እየገለበጠ ውሃውን ያፈስሳል።

«እኔ አልነዳሁም» አለ አንበሳ። «ዝናቡ የዘነበው እሱ ላይ ነው። እኔ ከኋላው ነበርኩ።»

ኤሊ ወደ አህያ አንገቷን አስረዘመች። «እንግዲያው መጀመሪያ የሚታየው እሱ ነው። ና ግባ።»

«ቤትሽን አረጥበዋለሁ» አለ አህያ ከቦታው ሳይንቀሳቀስ።

አንበሳ በሚያነክስ እግሩ ከበሩ ፈቀቅ ብሎ መንገድ ለቀቀለት። «ግባ። ሞተሩም ያንተ ነው፤ ከሰሉን ከነገ ጀምሮ እነዚያ ሁለቱ ይሸከሙታል፣ እግረ መንገዳቸውንም ከዝናቡ ጋር ይተዋወቃሉ።»

አህያ ገባ። ኤሊ ቁስሉን አጥባ መድኃኒት እስክታደርግለት ድረስ አንበሳ ተራውን እየጠበቀ ደጅ ቆመ፤ ነፋሱም ዝናቡን እያመጣ ፊቱ ላይ ረጨበት።

ከዚህ የምንማረው፣ ከዝናብ ደርቀን ቤት ስንገባ ከማን ጀርባ ተቀምጠን እንደ መጣን ማሰብ፣ ምስጋናውንም ያ ጀርባ ገና ከፊታችን ሳለ መስጠት እንዳለብን ነው።